በቤት የተሠራ ዲኤክስ ይዞ አፈር ላይ መወዳደር፦ ከኮምቦልቻ

የኮምቦልቻው ዲኤክስ፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። የዲኤክሷን ፎቶ ከለጠፍኩ ወዲህ እንዴት እንደሠራናትና እንዴት እንደምንወዳደርባት ብዙ ሰው በውስጥ መስመር እየጠየቀኝ ነው። ለየብቻ ከምመልስ እዚህ በሰፊው ልጻፈው። ወሎ ውስጥ በየጓሮው አሮጌ መኪና የሚያድስ ልጅ ሁሉ ያንብበው።

መኪናዋ ሁላችንም የምናውቃት ቶዮታ ኮሮላ ዲኤክስ ናት፤ ኬኢ 70 የሚባለው ሞዴል። ሞተሯ 4ኬ፣ 1290 ሲሲ። የሚገፋት የኋላ ጎማ ነው። ክብደቷ አንድ ቶን አይሞላም። ለአፈር ውድድር እኛ ዘንድ ከሚገኙት ውስጥ ከእሷ የተሻለ አላየሁም። መለዋወጫዋ ደሴም ወልዲያም ይገኛል። የየትኛውም መካኒክ እጅ ያውቃታል። የተበላሸውን ለማወቅ ኮምፒውተር አይጠየቅም።

ውድድሩ የጓደኛሞች ነው። ራሊክሮስ ከሚባለው የአፈር ሜዳ የመኪና ውድድር ውስጥ ቀለል ያለው ዓይነት። ከኮምቦልቻ ወደ ሐርቡ በሚወስደው መንገድ አጠገብ፣ እህሉ የተነሳለት አንድ ሜዳ ከባለቤቱ ተከራየን። ለቀበሌውና ለትራፊክ ፖሊስ ቀድመን በደብዳቤ አሳወቅን። ባዶ የዘይት ጀሪካን ሥሩ ላይ ትንሽ አሸዋ እያደረግን መስመሩን በእሱ አበጀነው። አንድ መኪና ብቻውን ይገባል፣ ሰዓት ይያዝለታል፣ ጨርሶ ሲወጣ ቀጣዩ ይገባል። ማንም ከማንም ጋር አይጋፋም። ላዳ ነበረ፣ ቪትዝ ነበረ፣ ቮልስም መጥታ ነበር።

አሠራሩን በተመለከተ። የኋላ ወንበሩ፣ ምንጣፉ፣ የጣሪያው ጨርቅ፣ ወለሉ ላይ የተጣበቀው ሬንጅ ሁሉ ወጣ። እሳት የሚይዝ ነገር ውስጧ አልቀረም። ባትሪው በብረት ታስሮ አዎንታዊው ጫፍ በጎማ ተሸፈነ። ከውጭ እጅ የሚደርስበት የኤሌክትሪክ መቁረጫ አለ። የነዳጅ መስጫው ሁለት መመለሻ ሞላ ገብቶለታል፤ አንዱ ቢበጠስ ሁለተኛው ይዘጋዋል። ኮፋኖው በሁለት ፒን ይታሰራል። ከዘይት ኮፓው በታች ወፍራም ላሜራ አለ። ያ ላሜራ ባይኖር ኖሮ ኮፓው በመጀመሪያው ድንጋይ ይሰነጠቅ ነበር። ከፊትና ከኋላ መጎተቻ መንጠቆ ቀይ ቀለም ተቀብቶ ይታያል።

ገንዘባችን የሄደው በሮል ኬጁ (መኪናዋ ብትገለበጥ ሾፌሩን የሚጠብቀው የብረት ቧንቧ አጥር)፣ በወንበሩና በቀበቶው፣ ከዚያ በፍሬኑ ነው። ሞተሩን አልነካነውም። ቫልቭ አስተካከልን፤ ካንዴላ፣ ፊልትሮና ዘይት ቀየርን፤ በቃ። እንዲህ ያለ አጭር ሜዳ ላይ አብዛኛው ነገር የሚያልቀው በሁለተኛ ማርሽ ነው። የሚያሸንፈው ቀድሞ አይቶ፣ መኪናዋ ቀጥ እያለች ፍሬን ይዞ፣ ከዚያ የሚታጠፍ ሰው ነው። ይህን በዓይኔ አየሁት። ላዳ የያዘው ልጅ ሁላችንንም በለጠን። ሞተሩ ከእኛ የሚሻል አልነበረም። እጁ ግን የተረጋጋ ነው። እኛም ሁሉንም ዙር ጨርሰን፣ መኪናዋም በራሷ ጎማ ቤቷ ገብታለች።

አሁን ምክር የምፈልግባቸው ነገሮች አሉኝ። ዲፈረንሻሉን (ስንታጠፍ ሁለቱ የኋላ ጎማዎች በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ የሚያደርገውን ማርሽ) ልበይደው ወይስ ልተወው? ጎማ ቀጭን ይሻላል ሰፊ? የደሴ ልጆች ደግሞ ቀጣዩ ወደ ላይ፣ ቦሩ ሜዳ አካባቢ ይሁን እያሉ ነው። ምን ትላላችሁ?

ቪትዝ ነጂ፦

ወላሂ ወንድሜ ደስ ይላል። እኔም እዚያ ነበርኩ። የኔ ጥያቄ ግን ሞተሩ ላይ ነው። ማርሚታውን ሰፋ አድርጎ ካርቡሬተሩን መቀየር ስንት ጉልበት ይጨምር ነበር? ዳገቱ ላይ ዲኤክሷ ስትታነቅ አይቻለሁ።

የሸዋበር መካኒክ፦

ልጄ፣ እግዜር ይባርክህ። ፍሬኑን ማስቀደምህ ልቤን ደስ አሰኘው። ፍሬን ሳይበጅ ሞተር ማጎልበት ኮርቻ የሌለው ፈረስ ይዞ ጉግስ እንደመግባት ነው።

ለቪትዙ ልጅ ስለ ጉልበት ልንገርህ። ሞተር አየር ይፈልጋል። ደሴ 2500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናት። እዚህ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ስለዚህ ቱርቦ (አየር ገፍቶ የሚያስገባለት) የሌለው ሞተር ከጉልበቱ ሩብ ያህል ያጣል። ወረቀቱ 60 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር ደሴ ላይ 45 ቢሰጥህ አመስግን። ኮምቦልቻ ወደ 1850 ሜትር ስለምትወርድ ትንሽ ይሻላል። ይህን የሚመልስ ማርሚታ የለም። ገንዘብህን አትጣል።

በነጻ የምታገኘው ነገር ግን አለ። አየሩ ሲሳሳ ካርቡሬተሩ ነዳጁን አይቀንስም። ነዳጅ ይበዛበታል። ካንዴላውን ፍታና እየው፤ ጥላሸት ከለበሰ ነገሩ እሱ ነው። ጂግለሩን (ነዳጁን የሚመጥነውን የካርቡሬተር ቀዳዳ) አነስ ባለ ቀይርና ካንዴላው ቡናማ እስኪሆን አስተካክል። ዲኤክሷ ዳገት ላይ መታነቋ ከዚህ ሊሆን ይችላል።

ራዲያተሩንም አትርሱ። ደሴ ላይ ውሃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ መቶ እስኪደርስ አይጠብቅም። በዝግታ እየሄደ ብዙ የሚሽከረከር ሞተር በአቧራ ውስጥ ቶሎ ይግላል። የራዲያተሩ ክዳን ግፊት የሚይዝ ይሁን። ላስቲኩ የተበላ ክዳን ያለው መኪና ሜዳ አይግባ።

ፍሬን ላይ ደግሞ አዲስ ዘይት አድርጉ። ዶት 3 አዲስ ሲሆን በ205 ዲግሪ ይፈላል፣ ዶት 4 በ230። ዓመታት የቆየ የፍሬን ዘይት እርጥበት ይጠጣል። የሚፈላበት ዲግሪ በጣም ይወርዳል። ፔዳሉ ድንገት ወለል ይነካብሃል። ይህን በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ባለው የሐረጎ ቁልቁለት ያየ ሹፌር መቼም አይረሳውም።

ዲፈረንሻሉን አትበይደው። የተበየደ ዲፈረንሻል አፈር ላይ ሁለቱን ጎማ እኩል ያዞራል፤ ደስ ይላል። አስፋልት ላይ ግን ስትታጠፍ የውስጡ ጎማ መንሸራተት አለበት። ሴሚያሱ (ጎማውን የሚያዞረው ዘንግ) ይጠመዘዛል፣ ጎማው ይላጫል። አንተ መኪናዋን ነድተህ ሄደህ ነድተህ የምትመለስ ሰው ነህ። በጭነት መኪና የምታስጭናት ቀን እንነጋገራለን።

የቶሳ ልጅ፦

ሜዳ ለምን ትከራያላችሁ? ሐረጎ እኮ አለላችሁ። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ መንገዱ ባዶ ነው። ከላይ እስከ ታች ሰዓት ይዞ መውረድ ነው። ኩርባው ከየትኛውም ሜዳ ይበልጣል። እኔ ዝግጁ ነኝ።

የሚሌ መስመር ሹፌር፦

የቶሳው ልጅ፣ ስማኝ ወንድሜ።

ሐረጎን ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ባዶ ነው ያልከው ማን እንደነገረህ አላውቅም። እኔ በዚያ ሰዓት እዚያ ነኝ። ከጅቡቲ በሚሌና በባቲ ጭኜ የመጣሁትን ተሳቢ ይዤ ወደ ደሴ እየወጣሁ ነኝ። ኩርባው ላይ ተሳቢው የግድ የአንተን መስመር ይይዛል። ካልያዘ አይዞርም። አንተ ደግሞ እየተንሸራተትክ ትመጣለህ። እኔ ፍሬን ብይዝ ተሳቢው በመስመርህ ላይ እንዳለ ይቆማል። መሪ ብጠመዝዝ ገደል ነው። የት ልግባልህ?

ጉም የሚባል ነገርም አለ። ሐረጎ ላይ ጉሙ ሲወርድ የራሴን ኮፋኖ የማላይበት ጊዜ አለ። በእግሩ የሚሄድ ሰው አለ፣ እንጨት የተሸከሙ እናቶች ሳይነጋ ይነሳሉ፣ በግ የሚነዳ አለ። እነሱ ለውድድር አልተመዘገቡም።

ሜዳ ላይ ብትገለበጥ አንተ ነህ የምትጎዳው። መንገድ ላይ ግን የማታውቀውን ሰው ቤት ታፈርሳለህ። በአላህ ይዤሃለሁ፣ ይህን ሐሳብ ተወው።

የቶሳ ልጅ፦

እሺ ጋሼ። የተሳቢውን ነገር እንዲህ አስቤው አላውቅም ነበር። ተውኩት።

ሜዳው ላይ ግን ቢያንስ ጎን ለጎን እንነሳ። በቴሌቪዥን የምናየው ራሊክሮስ እኮ አምስት ስድስት መኪና አንድ ላይ ነው የሚነሳው። አንድ በአንድ ከሆነ ምኑ ውድድር ነው?

ወሎዬ በቨርጂኒያ፦

ሰላም ወገኖቼ። የደሴ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ልጅ ነኝ። እዚህ አሜሪካ በእንዲህ ዓይነቱ የአማተር ውድድር ስለምካፈል የማውቀውን ላካፍላችሁ።

ራሊክሮስ በሚለው ስም ሁለት የተለያዩ ነገሮች ይጠራሉ። አንደኛው የቶሳው ልጅ ያየው ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 እንግሊዝ ውስጥ ሊደን ሂል በሚባል ሜዳ ለቴሌቪዥን ተብሎ ተጀመረ። የመጀመሪያውን ቪክ ኤልፎርድ በፖርሽ 911 አሸነፈ። መኪኖቹ አንድ ላይ ይነሳሉ፤ ግማሹ መስመር አስፋልት፣ ግማሹ አፈር ነው። በየውድድሩ አንድ ጊዜ ብቻ የግድ የሚገባበት ረዘም ያለ መንገድ አለ፤ ጆከር ይሉታል። መቼ እንደምትገባበት የምትመርጠው ራስህ ነህ። እ.ኤ.አ. በ2014 የዓለም ሻምፒዮና ሆነ፤ የመጀመሪያው ሻምፒዮን ኖርዌያዊው ፔተር ሶልበርግ ነው። እነዚያ መኪኖች 600 የፈረስ ጉልበት አላቸው። ከጀርባቸው ሐኪም፣ የእሳት አደጋ ቡድን፣ ግንብ፣ ዳኛ ተሰልፏል። እርስ በርስ እየተጋጩ ነው የሚሄዱት፤ ያን እንዲችሉ ሆነው ነው የተሠሩት።

ሁለተኛው እናንተ የያዛችሁት ነው። እዚህ ኤስሲሲኤ የሚባለው የስፖርት መኪና ክበብ የሚያካሂደው ራሊክሮስ እንዲያ ነው። አንድ መኪና ለብቻው፣ አፈር ላይ፣ በኮን (መስመር የሚያመለክት ሾጣጣ፣ እንደ እናንተ ጀሪካን) መካከል፣ በሰዓት። የኮምቦልቻ ልጆች በራሳችሁ አስባችሁ እዚሁ ላይ መድረሳችሁ ኮርቼባችኋለሁ።

ከሕጎቹ ሊጠቅሟችሁ የሚችሉትን ልንገራችሁ። አንድ ኮን ከነካህ 2 ሰከንድ ይጨመርብሃል። በር፣ ማለትም በመካከላቸው የምታልፍባቸውን ሁለት ኮኖች፣ ዘልለህ ካለፍክ 10 ሰከንድ። ደግሞ ከሁሉም በላይ የምወደው፦ የሁሉም ዙር ሰዓት ይደመራል። አንድ ፈጣን ዙር ነድተህ የቀረውን ማበላሸት አያዋጣም። የላዳው ልጅ የተረጋጋ እጅ የሚያሸንፈውም በዚህ ነው። ድምር ስትቆጥሩ እብድ አነዳድ በራሱ ይቀንሳል።

ከነዳህ በኋላ ወደ ሥራ ትገባለህ። የወደቀ ኮን የሚያነሳው፣ ባንዲራ የሚይዘው ሌላ ሰው አይደለም፤ ተወዳዳሪው ራሱ ነው። ሜዳ ላይ ያለ ሠራተኛ አይቀመጥም፣ ስልክ አይነካም፣ ለመኪናው ጀርባውን አይሰጥም። ቀይ ባንዲራ ካየህ ወዲያው ትቆማለህ።

መስመሩን የሚያበጅ ሰው ደግሞ ትልቁን ሥራ ይዟል። ረጅም ቀጥታ አታድርጉ። ፍጥነት ከተጠራቀመ በኋላ ስለታም መታጠፊያ አታስቀምጡ። ጉድጓድ፣ ቦይ፣ የተቆረጠ ግንድ ያለበትን ራቁት። መኪና የሚገለበጠው በአብዛኛው በጎን እየተንሸራተተ ጎማው አንድ ነገር ሲይዘው ነው።

ቶሳ፣ ወንድሜ፣ ጎን ለጎን መነሳቱን አሁን ተወው። ከሰዓት ጋር መሽቀዳደም ምን ያህል ልብ እንደሚያስደነግጥ አንድ ጊዜ ግባና እየው።

በያጅ ከአራዳ፦

የሮል ኬጁን ነገር ማንሳት እፈልጋለሁ፤ ሥራዬ ስለሆነ። ሰሞኑን ሁለት ልጆች መጥተው "በቱቦላሬ ሥራልን" አሉኝ። እምቢ አልኳቸው። ተቀየሙኝ። ለምን እምቢ እንዳልኩ ላስረዳ።

ቱቦላሬ የበርና የመስኮት ብረት ነው። ግድግዳው ስስ ነው፣ ጎኑ ላይ ስፌት አለው። ሲመታ ማዕዘኑ ላይ ይታጠፋል፣ ስፌቱ ይከፈታል። የውሃ ቧንቧም አይሆንም። ጋልቫናይዝድ ከሆነ ደግሞ ሲበየድ የሚወጣው የዚንክ ጭስ ማታ ትኩሳት ያስይዛል። እኔ ቀምሼዋለሁ፣ ለማንም አልመኝም።

ዓለም አቀፉ የመኪና ስፖርት ፌዴሬሽን የሚጠይቀው ግልጽ ነው። ስፌት የሌለው፣ በቀዝቃዛው የተሳበ የካርቦን ብረት ቧንቧ፣ በተለምዶ ሲምለስ የምንለው። ከሾፌሩ ጀርባ ያለው ዋናው ቅስት 45 ሚሊ ሜትር በ2.5 ግድግዳ፣ ወይም 50 በ2። የቀረው 38 በ2.5 ወይም 40 በ2። እግሩ የሚያርፍበት ቦታ ላይ 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ላሜራ፣ ስፋቱ ከ120 ካሬ ሴንቲ ሜትር የማያንስ። የዲኤክስ ወለል በዕድሜ የሳሳ ነው። ላሜራ ሳይኖር ብታቆመው መኪናዋ ስትገለበጥ ቧንቧው ወለሉን በስቶ ይወርዳል።

ሌላው ችግር የላይኛው ብየዳ ነው። ጣሪያው ስለሚከለክል ብዙ ሰው ከታች ብቻ በይዶ ይተወዋል። ዙሪያውን ያልተበየደ መጋጠሚያ ኬጅ አይባልም። መላው፦ እግሩ የሚያርፍበትን ወለል ቀዶ ኬጁን ወደ ታች ማውረድ፣ ላይኛውን ዙሪያውን መበየድ፣ ከዚያ አንስቶ ላሜራውን ሥሩ ማስገባት።

የኮምቦልቻው፣ ያንተን እንዴት ሠራችሁት?

የኮምቦልቻው ዲኤክስ፦

ልክ እንዳልከው ነው። ቧንቧው ከአዲስ አበባ መጣ፤ 45 በ2.5፣ ሲምለስ። ወለሉን ቀድደን አውርደን ነው የበየድነው። የራስ ቁር ሊነካው የሚችለው ቦታ ሁሉ ጠንካራ ስፖንጅ ታስሮበታል።

ይህን ስፖንጅ ነገር ላስምርበት። ኬጅ ያላት መኪና ያለ ራስ ቁር ከተማ ውስጥ መንዳት ያለ ኬጅ ከመንዳት የባሰ ሊሆን ይችላል። ቀላል ግጭት ላይ ጭንቅላት ከቧንቧው ጋር ይገናኛል። ስለዚህ እኔ ከቤት እስከ ሜዳም ቁሩን አድርጌ ነው የምሄደው። ሰው ያየኛል፤ ይየኝ።

ቪትዝ ነጂ፦

ለኔስ? ቪትዟ የቤተሰብ መኪና ናት። እናቴን ገበያ የማደርሳት በእሷ ነው። ኬጅ ላስገባባት አልችልም። ልቅር ማለት ነው?

ወሎዬ በቨርጂኒያ፦

አትቅር። እዚህም በዚህኛው ዓይነት ውድድር ያልተነካካ የመንገድ መኪና ያለ ኬጅ ይገባል። የፋብሪካው ቀበቶና የራስ ቁር ግዴታ ናቸው። ፍጥነቱ ዝቅተኛ እንዲሆን መስመሩ የሚጠባውም ለዚህ ነው። ለየብቻ ተመደቡ እንጂ፦ ያልተነካ፣ ትንሽ የተሻሻለ፣ ሙሉ በሙሉ የተሠራ። የፊት ጎማ የሚጎትተውና የኋላ የሚገፋውም ይለያዩ።

ቪትዝ የፊት ጎማ ስለሆነች በፍጥነት ከገባህ አፍንጫዋ ቀጥ ብሎ ይሄዳል እንጂ አትታጠፍልህም። መሪውን አብዝተህ ብታዞር ይብስባታል። ነዳጁን ለቀቅ አድርግ፣ ፊቷ ይከብዳል፣ ጎማው ይይዛል። ከዚያ ጥብቅ ኩርባ ላይ የእጅ ፍሬን ትንሽ ነካ።

ነርሷ ከደሴ፦

ወንድሞቼ፣ ሥራችሁን ሳነብ ደስ ብሎኛል። እስካሁን ግን አንድ ሰው ቢጎዳ ምን እንደሚደረግ የጻፈ የለም። የድንገተኛ ክፍል ነርስ ነኝ። እባካችሁ ይህን በጥሞና አንብቡት።

ከኮምቦልቻ ደሴ ሆስፒታል ለመድረስ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ያውም ሽቅብ። ስለዚህ አምቡላንሱ ሜዳው ላይ ቆሞ መጠበቅ አለበት። "ሲያስፈልግ እንደውላለን" አይሠራም። አምቡላንሱ ሰው ይዞ ከሄደ ውድድሩ ይቁም። እስኪመለስ ማንም አይነዳም።

መኪና ከተገለበጠ ሰው ሁሉ ይሮጣል። ልማዳችን ነው፤ ደግነት ነው፤ ግን ጎትቶ ማውጣት አንገት የተጎዳን ሰው ሽባ ሊያደርግ ይችላል። እሳት ከሌለ አታውጡት። ኤሌክትሪኩን ቁረጡ። አንድ ሰው ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ሳያንቀሳቅስ ይያዝለት። በስሙ ጠርታችሁ አናግሩት። መተንፈስ ካልቸገረው የራስ ቁሩን አታውልቁ። የሚደማ ነገር ካለ በንጹሕ ጨርቅ አጥብቃችሁ ተጫኑት። ውሃ አታጠጡት፤ ቀዶ ጥገና ሊያስፈልገው ይችላል።

ልብስ የጥጥ ይሁን። ናይለን እሳት ሲነካው ቀልጦ ቆዳ ላይ ይጣበቃል። እጅጌው ረጅም ይሁን። ሂጃብም ሆነ ሻሽ ወይም ፎጣ ጫፉ ልብስ ውስጥ ይግባ።

ተመልካቹንም አስቡት። ሰው መቆም ያለበት ከፍ ያለ ቦታ ላይ ነው። የኩርባው የውጭ ጎን ላይ ማንም አይቁም፤ መኪና ሲያመልጥ የሚሄደው ወደዚያ ነው። ለሕፃናት ገመድ አይበቃም። ትልልቅ ሰዎች ይመደቡላቸው።

ቀኑን ንገሩኝ። ተረኛ ካልሆንኩ እኔም እመጣለሁ። ከኔ ጋር የሚሠሩ ሌሎችም ፈቃደኛ ናቸው።

የፒያሳ ነዋሪ፦

አንድ ነገር ብቻ። ማርሚታውን ዝም አሰኙት። መኪና ሲንጣጣ ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ። እኛ እዚህ በጦርነት ያለፍን ሰዎች ነን። ሰፈራችን ውስጥ እንዲህ ዓይነት ድምፅ ሲሰማ ከአልጋ ሥር የሚገቡ ልጆች አሉ። ሜዳው ሩቅ ነው ትሉ ይሆናል፤ ድምፅ ግን በሸለቆ ውስጥ ሩቅ ይሄዳል። የአካባቢው ሰው ቀድሞ ይነገረው፤ በመስጊድም በቤተ ክርስቲያንም ይነገርልን።

የኮምቦልቻው ዲኤክስ፦

ልክ ነዎት። የኛ ማርሚታ የፋብሪካው ነው፣ እንደዚያው ይቆያል። የሚንጣጣ ማርሚታ ያለው መኪና እንደማይመዘገብ ሕጋችን ላይ ይገባል። ማስነገሩንም እኛ እንይዘዋለን።

ከሐርቡ፦

እኔ የገበሬ ልጅ ነኝ። ስለ መሬቱ ልናገር።

እህል ተነሳ ማለት ሜዳው ባዶ ነው ማለት አይደለም። ቃርሚያው የከብት መኖ ነው። ኪራይ ስትከፍሉ ለመሬቱም ለቃርሚያውም ክፈሉ። ከዚያ በፊት ከብቱ ይብላው። ደረቅ ገለባ ያለበት ላይ የጋለ ማርሚታ ይዛችሁ ከገባችሁ እሳት ይነሳል፤ ከመኪናው ሥር ስለሚጀምር ሾፌሩ አያየውም። የመኪኖቹ ማቆሚያ የግድ ገለባው የተጠረገ ይሁን። አንድ በርሜል ውሃና ቅጠል ያለው ቅርንጫፍ በየጥጉ አስቀምጡ። የእሳት ማጥፊያ ደግሞ በየመኪናው ይኑር፤ ሾፌሩ ታስሮ ተቀምጦ እጁ የሚደርስበት ቦታ ላይ።

አፈሩም ይለያያል። ዋልካው (ጥቁሩ ጭቃማ አፈር) ሲደርቅ ጎማ የሚውጥ ስንጥቅ ያወጣል። ሜዳውን በእግራችሁ እየተመላለሳችሁ እዩት። ቀዩ አፈር ይሻላል፤ ከላይ አቧራ ይሁን እንጂ ከሥሩ ጠንካራ ነው። ቀጭን ጎማ ይሻላል የምለውም ለዚህ ነው። አቧራውን ቆርጦ ጠንካራውን ይይዛል። የዲኤክሷ ባለ 13 ቸርኬ ጎማ በቂው ነው።

በልግ ከገባ ግን እርሱት። የበልግ ዝናብ አንድ ቀን ከጣለ ዋልካው ጎማ ላይ ተጠቅልሎ ፓራፋንጎ ውስጥ ይሞላል። ገበሬውም ያንን እርጥበት ሲጠብቅ ነው የከረመው፤ ሊያርስበት ነው። በልግ የሚዘራበትን መሬት መኪና ከደመደመው ማረሻው አይገባለትም። ስለዚህ ከየካቲት በፊት ይለቅ።

ቦሩ ሜዳን በተመለከተ፣ ያ የብዙ ሰው ግጦሽ ነው። አንድ ባለቤት አያከራያችሁም። እኔ አልመክርም።

ሳፋሪ ወዳድ፦

ኬንያ ውስጥ የሆነ አንድ ነገር ላንሳ፤ ልጆቹን ያበረታል። ጆጊንደር ሲንግ የሚባል ሰው ነበረ። ሙያው መካኒክነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 ከወንድሙ ጃስዋንት ጋር ሆኖ የምሥራቅ አፍሪካውን የመኪና ውድድር፣ የሳፋሪ ራሊን፣ አሸነፈ። የነዱት ሌሎች የተወዳደሩበትን ያገለገለ ቮልቮ ፒቪ 544 ነበር። አዲስ የፋብሪካ መኪና ይዘው የመጡት እያሉ ማለት ነው። በኋላም በ1974 እና በ1976 በሚትሱቢሺ ላንሰር ደገመው። መኪናውን በእጁ የሚያውቅ ሰው መቼ መግፋት፣ መቼ መራራት እንዳለበት ያውቃል። ዲኤክስ የያዛችሁ ልጆች የዚህ ሰው ዓይነት ጅማሬ ላይ ናችሁ።

የኮምቦልቻው ዲኤክስ፦

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። የወሰንነውን ልጻፍ።

ዲፈረንሻሉ አይበየድም። ጎማው ቀጭኑ ይቀጥላል። ቦሩ ሜዳ ቀረ፤ እዚያው የድሮው ሜዳ፣ ከየካቲት በፊት። ሰዓቱ ይደመራል፤ ጀሪካን የነካ 2 ሰከንድ፣ በር የሳተ 10 ሰከንድ። የነዳ ሁሉ ባንዲራ ይይዛል። ዓርብ ጁምዓ አለ፣ እሁድ ጠዋት ቅዳሴ አለ። ስለዚህ እሁድ ከቀትር በኋላ እናድርገው። ፈቃዱ በእጃችን እስኪገባ ቀኑን አንናገርም። እህቴ ነርሷ፣ ላንቺ ግን ቀድሜ እደውላለሁ፤ ተረኛ የምትሆኚበትን ቀን እንዳንመርጥ።

የቶሳው ልጅ፣ መኪና ባይኖርህም ና። ሰዓት ያዝልን። ውድድሩ ሲያልቅ ካልደከመች ዲኤክሷን አንድ ዙር ትነዳታለህ፤ እኔ ከጎንህ ሆኜ።

የቶሳ ልጅ፦

ከምር? እመጣለሁ። ቁር ከጓደኛዬ እዋሳለሁ።

በያጅ ከአራዳ፦

የሞተር ሳይክል ተራ ቁር ከሆነ አገጭ የሚሸፍነውን ምረጥ። የወደቀ ወይም የተሰነጠቀ አትዋስ።

የሸዋበር መካኒክ፦

የፊት ፍሬኑን ሳላየው እንዳትነዱ። የኋላውንም ታምቡር ከፍቼ አቧራውን እጠርጋለሁ። ሐሙስ ከሰዓት ጋራዥ ነኝ። ገንዘብ አልጠይቅም፤ መኪናዋን ታጥባችሁ አምጡልኝ።

የኮምቦልቻው ዲኤክስ፦

ሐሙስ እመጣለሁ ጋሼ። ዶት 4ቱን ይዤ።